የኮርስ ማብቂያ ሪፍሌክሽን እንዴት ይጻፋል? የኔው «ማጠቃለያ ነው» ተብሎ ተመለሰ

ጥያቄ (ጠመኔ)
ጤና ይስጥልኝ የሙያ አጋሮቼ። ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በቅዳሜና እሁድ መርሃ ግብር ደግሞ በሥርዓተ ትምህርት ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን የምዘና ኮርሳችን አለቀና ከኮርሱ ምን እንዳገኘን የሚያሳይ የአራት ገጽ ሪፍሌክሽን እንድናስገባ ታዘዝን። እኔም ደብተሬን ከፍቼ የምዘና ዓይነቶችን፣ የፈተና ቢጋር (ከየትኛው ይዘት ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) አዘገጃጀትን፣ ተከታታይ ምዘናን በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ወረቀቱ ሲመለስ ጠርዙ ላይ «ይህ የኮርሱ ማጠቃለያ ነው። አንቺ ግን የት አለሽ?» ተብሎበታል። እስከ ዓርብ አስተካክዬ እንዳመጣ ተፈቅዶልኛል።

ምን እንደጎደለው አልገባኝም። ስለ ራሴ ማውራት ነው? ኮርሱን ማመስገን ነው? ያልወደድኩትንስ መጻፍ ይቻላል? አንድ የክፍል ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት የተሠራ ፋይል በቴሌግራም ልኮልኛል፤ አልከፈትኩትም። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ባለ ፖርትፎሊዮ)
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ የማስተምረው መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። የመምህራን አሠልጣኞች የሚወስዱትን ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ያው ኤችዲፒ የምንለውን፣ ስወስድ ሪፍሌክሽን እየጻፍን ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማኅደር) ውስጥ እናስገባ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኔ ጽሑፎች ቃለ ጉባኤ ይመስላሉ፤ ይህ ተባለ፣ በዚህ ተወያየን፣ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ያወጡኝ ቴሪ ቦርተን የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ምን ሆነ? ምን ማለት ነው? ከእንግዲህስ ምን ላድርግ? አንቺ አራቱንም ገጽ የጨረስሽው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ለእሱ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፤ ትልቁን ቦታ ለሁለተኛው ስጪው። የትምህርት ምሁሩን የግራሃም ጊብስን የሪፍሌክሽን ስድስት እርከንም (እ.ኤ.አ. 1988) ሳትሰሚ አትቀሪም፤ የሆነውን መግለጽ፣ ስሜት፣ ግምገማ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ፣ የቀጣይ ዕቅድ። እሱን የዘለልሽው ነገር እንዳለ ለማየት ተጠቀሚበት እንጂ ስድስት ንዑስ ርዕስ አታድርጊው። ቅጽ የሞላሽ ይመስላል።

መልስ (አራሚ)
መምህርት፣ እኔ እነዚህን ወረቀቶች ከሚያርሙት ወገን ነኝ። ሳነብ የምፈልገው አንድ የተለየ ቀን ነው። «ተከታታይ ምዘና ጠቃሚ መሆኑን ተረዳሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ኮርሱን ያልተማረም ሰው ይጽፈዋል። ቅዳሜ የተማርሽውን ሰኞ ክፍል ገብተሽ ስትሞክሪው ምን ሆነ? ያልሠራበት ቀን ካለ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ብዙ የሚጻፍበት እሱ ነውና። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 በሥራው መሃል እያሉ ማሰብንና ከሥራው በኋላ ተመልሶ ማሰብን የለየው ለዚህ ይጠቅምሻል። ጠመኔ በእጅሽ እንደያዝሽ ሐሳብሽን የቀየርሽበት ቅጽበት ካለ ከእሱ ጀምሪ።

ስለ ቅሬታ ለጠየቅሽው፣ ይቻላል። ነገር ግን «ኮርሱ ተጣድፏል» ብለሽ አትተዪው፤ በመጣደፉ የትኛው ነገር ሳይገባሽ እንደቀረና ራስሽ ምን እንዳደረግሽ ጨምሪበት። ማመስገን ግዴታ አይደለም። የተማሪ ስም አይግባ። ፋይሉንም አለመክፈትሽ ትክክል ነው፤ የሌላ ሰው ክፍል ውስጥ የሆነውን አንቺ ልታስረጂ አትችይም።

መልስ (ከሜሪላንድ)
እኔን ያስቸገረኝ «እኔ» የሚለው ቃል ነበር። አገር ቤት ስንማር ጥናታዊ ጽሑፍ ላይ «እኔ» ማለት እንደ ድፍረት ይታይ ስለነበር «ጥናቱ እንደሚያሳየው» እያልን ነው ያደግነው። እዚህ ማስተርሴን ስጀምር የመጀመሪያ ሪፍሌክሽኔ ውስጥ አንድም «እኔ» አልነበረም። ሰውን ማክበር፣ ራስን ዝቅ ማድረግ መስሎኝ ነው። በኋላ ግን ያለ «እኔ» ማን እንደተሳሳተ፣ ማን እንደተለወጠ አንባቢው ሊያውቅ እንደማይችል ገባኝ። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ለእህትሽ በስልክ እንደምትነግሪያት አድርገሽ በድምፅ ቅጂው፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ መልሺው። እኔ አሁንም እንደዚያ ነው የምሠራው።

ጠመኔ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ እንደገና ጀመርኩት። ይህችን አንቀጽ እዩልኝ፦

«ትምህርት ስጨርስ ‹ገባችሁ?› እላለሁ፤ 64ቱም በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› ይላሉ። ለስድስት ዓመት ይህን እንደ ምዘና ቆጥሬዋለሁ። በኮርሱ ሦስተኛ ሳምንት ስለ መውጫ ጥያቄ፣ ማለትም ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪዎች በወረቀት ስለሚመልሱት አጭር ጥያቄ፣ ተማርንና ሰኞ ሞከርኩት። 60 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለው ሰው ጨረቃ ላይ ቢሄድ ምኑ ይቀየራል ብዬ በደብተር ቅዳጅ አስጻፍኳቸው። 41ዱ ወይ ባዶ መለሱ ወይ መጠነ ቁሱ ይቀንሳል አሉ። አንዷ ልጅ ግን ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ባዶ ትታ ከጀርባው በአማርኛ ‹ሰውየው ያው ነው፣ ጨረቃ የምትስበው ግን ትንሽ ነው› ብላ ጽፋለች። ወረቀቷን ይዤ ቆምኩ። በማግስቱ በፈለጋችሁት ቋንቋ መልሱ አልኳቸው፤ በትክክል ያልመለሱት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ።»

ይህ ሪፍሌክሽን ይባላል?

መልስ (አራሚ)
ይባላል። «ወረቀቷን ይዤ ቆምኩ» ያልሽው ላይ ግን ቶሎ አልፈሻል። እዚያ ላይ ቆይበት። የቆምሽው ለምንድን ነው? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግዲህ እስከዚያ ቀን ስትመዝኚ የነበረው ፊዚክሳቸውን ነው ወይስ እንግሊዝኛቸውን? ኮርሱ ላይ ስለ ምዘና ተገቢነት (ፈተናው ሊለካ የታሰበውን ነገር መለካቱ) የተማራችሁት እዚህ ጋ ይገባል፤ በትርጉም መልክ ሳይሆን በዚህች ልጅ ወረቀት በኩል። ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ የቀነሰው በቋንቋው ብቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ጥያቄውን ለሁለተኛ ጊዜ ማየታቸው ነው፣ ማታ ተነጋግረውበትም ይሆናል። ይህን ራስሽ ካነሣሽው ወረቀትሽ ይጠነክራል።

ጠመኔ
ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ መምህር። ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመው ሲከራከሩበት ሰምቻቸዋለሁ እኮ! እሱንም አስገባዋለሁ። ቀጣይ ዕቅዴ ላይስ፣ በሚቀጥለው ርዕስ አንዱን ክፍል በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በፈለጉት ቋንቋ አስጽፌ አወዳድራለሁ ብል እርስዎ እንዴት ያዩታል?

መልስ (አራሚ)
ጥሩ ነው፤ ብቻ የሁለቱን ክፍሎች ያለፈ ውጤት ቀድመሽ አስተያዪ፣ መነሻቸው የተራራቀ ከሆነ ንጽጽሩ ያሳስትሻል። የልጅቷን ቅዳጅ ስሟን ሸፍነሽ፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ በአባሪነት አያይዢው። ዓርብ ካስገባሽ በኋላ ምን እንዳሉሽ ንገሪን።