ሸማው ሲታጠብ ጥለቱ እየተጨማደደብኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ከሽሮ ሜዳ በምገዛው ሸማ የትራስና የጠረጴዛ ልብስ እሰፋለሁ። ለሠፈር ሰው እሸጣለሁ። አራስ ስጠይቅም ባዶ እጄን አልሄድም፤ ለሕፃኑ መጠቅለያ ሰፍቼ እወስዳለሁ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ሲያዩት ደስ ይላል። አንዴ ሲታጠብ ግን ነጩ ጥጥ ይሰበሰባል፤ ጥለቱ የተሠራበት ሳባ የሚባለው ክር ደግሞ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ጥለቱ ሽብሽብ ይላል፣ ጠርዙም ይጣመማል። ካውያ አይመልሰውም። አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ሰርግ ያሠራችውን ይዛ መጣች። ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችው።

ሳልቆርጠው በፊት ልዘፍዝፈው ብዬ አሰብኩ። የምፈራው ቀዩ ጥለት ቀለሙን ለቆ ነጩን እንዳያበላሸው ነው። ቁራጩን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ሞከርኩት፤ ውሃው ሮዝ ሆነ።

ሸማ የምትሸምኑም የምትሰፉም፣ እባካችሁ ንገሩኝ። እናንተ ከመቁረጣችሁ በፊት ታጥባላችሁ? ቀለም የማይለቅ ክር ሲገዛ በምን ይለያል? ወይስ ጥለቱን ለብቻው አሠርቼ፣ ነጩን አጥቤ፣ በኋላ ብገጣጥመው ይሻላል? እንዲህ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይልብኛል፤ የሠፈሬ ሰው ደግሞ አቅሙን አውቃለሁ። ለገና ባዛር ትዕዛዝ ስለተቀበልኩ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ አለብኝ።