«የወደድሽው በሽታውን ነው» ብሎ ነገር አለ እንዴ?

የጉለሌዋ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ በኤፍኤም የሰማሁት ነገር እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። አንዲት ሴት ደወለች። ባሏ ድሮ ለእሷ የሚሆነውን ያጣ ሰው ነበር፣ ከሽሮ ሜዳ ቄራ ድረስ በሌሊት በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ብሏት የሚመለስ፣ በተዋወቁ በጥቂት ወራት ሽማግሌ የላከ። አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል፣ መኪናቸውን ሳይነግራት ሸጦ ብሩን ለማያውቀው ሰው አበደረ፣ ከዛ ደግሞ ብርድ ልብሱን ፊቱ ድረስ ስቦ ለሳምንታት አይነሳም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ስታናግረው ወደ ግድግዳ ይዞራል። አማቷ መስተፋቅር አድርገሽበት ነው ትላታለች። አማኑኤል ሆስፒታል ወስዳው ባይፖላር ነው ተባለ፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት አንዴ ደግሞ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ተሻለው፣ ከዛ በራሱ ጊዜ አቆመው። ለምን ስትለው «እሱን ስውጥ አንቺን መናፈቅ ያቅተኛል» አላት። እዚህ ላይ ልጅቷ መናገር አቃታት። እና ስቱዲዮ የተቀመጠው የትዳር አማካሪ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የምታውቂው ሰውዬ ሞቷል፣ አልቅሽና ቅበሪው፣ ሕይወትሽን ቀጥይ»። ሰው በቁሙ ይቀበራል እንዴ? ልተወው ወይ ብላ አልጠየቀችም እኮ! እንዴት አድርጌ ልያዘው ነው ያለችው።

ቦሌ ሚካኤል፦
አነጋገሩን አበዛው እንበል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው። አንድ ሰው ሊነግራት ይገባ ነበር፣ ነገራት። እንደውም እኔ ከሱ የባሰ ልናገር፣ በሌሊት ከሽሮ ሜዳ ቄራ በእግር መሄድ፣ በወራት ውስጥ ሽማግሌ መላክ፣ ያ ራሱ የባይፖላር ምልክት ነው። ሲነሳባቸው እንደዛ ናቸው፣ እንቅልፍ የለም፣ ጉልበት አያልቅም፣ ሁሉን ነገር አሁኑኑ። የወደደችው በሽታውን ነው። በሽታው ሌላኛውን ፊቱን ሲያሳያት ግራ ገባት።

የጉለሌዋ፦
«የወደደችው በሽታውን ነው»??? እስቲ የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። አማትየዋ መስተፋቅር ነው አሉ፣ አንተ በሽታ ነው አልክ፣ ልዩነታችሁ ምኑ ላይ ነው? ሁለታችሁም አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ስለወደዳት ብቻ እንደዛ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ማመን አቅቷችኋል። መኪናው ሄዷል፣ ብሩ ሄዷል፣ እጇ ላይ የቀረችው ያቺ የፍቅር ጊዜ ናት፣ እሷንም ልትቀማት ነው?

ቦሌ ሚካኤል፦
ማንንም አልቀማሁም። ምርመራና መስተፋቅር አንድ ናቸው ማለት ራሱ ያሳዝናል፣ ስንት ዓመት የታገልነው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይደለም እንዴ? ማኒያ ላይ ያለ፣ ማለትም ሕመሙ የተነሳበት ሰው ፍቅሩም ወጪውም ንግግሩም ከልክ ያልፋል፣ ይሄ የተጻፈ ነገር ነው። እንዳልወደዳት አልተናገርኩም፣ ያ የፍቅር መጠን የሱ መጠን አልነበረም ነው ያልኩት።

ቡና ቁርስ፦
«ያ መጠን የሱ መጠን አልነበረም» ጭራሽ ይሄ ባሰ። በማን ሚዛን ነው የለካኸው? ሲወድ ያላበደ ማን አለና።

ነርስ ቲ፦
ቡና ቁርስ በዚህ ቃል አትጫወት፣ ሳይካትሪ ክፍል ነው የምሰራው፣ አልጋ ላይ የማገኛቸውን ሰዎች ፊት አንተ ስለማታይ ነው። ቦሌ አንተም በሬዲዮ በሰማኸው ታሪክ ሰው አትመርምር። ማኒያ ማለት ደስ ብሎት ሌሊት በእግሩ ሄደ ማለት አይደለም። ቢያንስ ሳምንት የሚቆይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኝቶ እንዳልደከመው ሰው ይነሳል፣ ወሬው ከአፉ ይቀድማል፣ ሃሳቡ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ሥራው ይበላሻል፣ ቤተሰቡ ያየዋል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮ፣ ሥራውን እየሠራ ወራት ሙሉ ሠርግ ያዘጋጀ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ማኒያ ላይ ነበር ማለት አይቻልም። ደግሞ ይሄ ሕመም በየመሃሉ ደህና የሚሆኑበት ረጅም ጊዜ አለው፣ ለብዙዎች ወራት፣ ለአንዳንዶች ዓመታት። ሰውዬው ሙት አይደለም፣ በየመሃሉ ይመለሳል። አማካሪ ተብዬው ይሄን ቢያውቅ ቅበሪው አይላትም ነበር።

«መናፈቅ ያቅተኛል» ያለውን ደግሞ እኔ በየጊዜው የምሰማው ነገር ነው፣ በሌላ ቃል። መድኃኒቶቹ አንዳንዱን ያፈዛሉ፣ ክብደት ይጨምራሉ፣ የመኝታ ፍላጎት ይቀንሳሉ። ወንዶቹ ይሄን ለሐኪም መናገር ያፍራሉ፣ ዝም ብለው ያቆሙታል። መናገር ነው ያለባቸው! መጠኑ ይስተካከላል፣ መድኃኒቱም ይቀየራል፣ ሊቲየም አለ፣ ቫልፕሮዬት አለ፣ ካርባማዜፒን አለ፣ አንዱ ያልተስማማው ሌላው ሊስማማው ይችላል። በድንገት ማቆም ግን ሕመሙን መልሶ ያስነሳዋል። እሷ ቀጠሮ ላይ አብራው ትግባ፣ ያፈረበትን እሷ ትናገርለት።

ቦሌ ሚካኤል፦
ነርስ ቲ አመሰግናለሁ፣ ግን ራስሽ «ሕመሙን መልሶ ያስነሳዋል» አልሽ። እድሜ ልኳን ቀጠሮ ስታመላልስ ትኑር ነው የምትሏት? እሷ ሰው አይደለችም? እህቴ ብትሆን ውጪ ነው የምላት።

ዘሚካኤል፦
ሁላችሁም ዋናውን ነገር ትታችሁ ክኒን ትቆጥራላችሁ። መጀመሪያ ጸበል። እንጦጦ ወጥቶ የዳነ ስንት ሰው አለ፣ እኔ የማውቀው ብቻ ስንት ነው። እናቱ መንፈስ ነው ብለው የጠረጠሩት በከንቱ አይመስለኝም።

ነርስ ቲ፦
ጸበሉን ማንም አልከለከለም፣ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን አስጥለው የሚወስዱትን ነው የምቃወመው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ይሄው ክርክር ነበር፣ በ1999 አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱም ጸበሉም አብሮ ይወሰዳል ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም ሲሆን የሚለይበት ምክንያት ምንድነው? ታስረው የሚመጡልን አሉ እኮ፣ የሰንሰለቱ ቁስል ሳይደርቅ።

ዘሚካኤል፦
እኔ ሰንሰለት አልኩ? ያላልኩትን አታስብይኝ። እምነት ይቅደም ነው ያልኩት።

ቡና ቁርስ፦
እናቱ የጠረጠሩት መንፈስ ሳይሆን ምራታቸውን ነው ዘሚካኤል፣ መስተፋቅር ነው ያሉት። ልጅቷ ባሏን እያስታመመች በጠንቋይነት መወንጀሏ አንተ ጋ ምንም አይደለም ማለት ነው?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ አሜሪካ ቢሆን ሰውዬው ቴራፒስት ይኖረዋል፣ እሷም የራሷ ይኖራታል፣ ለጥንዶች ደግሞ ለብቻው አለ። ችግሩ ሲስተም ነው።

የጉለሌዋ፦
ሜሪላንድ እሱን ሲስተም በሻንጣ ላክልን። እዚህ አማኑኤል ለስንት አሥርት ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፣ ሰው ከክፍለ ሀገር አዳሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያለውን ይዘን ነው የምናወራው።

ከሜሪላንድ፦
ለምን ትቆጫለሽ? እኔም ወንድሜን እዚህ ያስታመምኩ ሰው ነኝ፣ ኢንሹራንሱ የሚፈቅደውን ቀን ብቻ አስተኝተው ነው ያስወጡት። ገነት ነው አላልኩም።

ነርስ ቲ፦
የጉለሌዋ፣ አሁን እንደድሮው አይደለም፣ ጳውሎስ ሆስፒታልም ዘውዲቱም አገልግሎቱ አለ፣ ጅማም አለ፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታልም የሳይካትሪ ነርስ ታገኛለሽ። ቡታጅራ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ሲጠየቅ ከተገኙት ከባድ የአእምሮ ሕሙማን አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አይተው የማያውቁ ነበሩ። ማን ነበር የያዛቸው? ሚስት፣ እናት፣ ወንድም። ያኔም አሁንም ሆስፒታሉ ቤት ነው። ለዚህ ነው የዛ አማካሪ ቃል ያናደደኝ፣ ቤቱን አፍርሺ ሲላት በሽተኛውን ለማን ነው የሚሰጠው?

ቦሌ ሚካኤል፦
ይኸው ደረስንበት። «ሆስፒታሉ ቤት ነው» ማለት ሆስፒታሉ ሚስት ናት ማለት ነው። መንግሥት ያልሠራውን አንዲት ልጅ ትሥራው። እናንተ ፍቅር ትሉታላችሁ፣ እኔ ነፃ ጉልበት ነው የምለው።

ከሪያድ የተመለስኩ፦
ይሄን ሁሉ አነበብኩ፣ ዝም ልል ነበር አልቻልኩም። የታመመው ወንድ ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ ክርክር። እኔ ሰው ቤት ስሠራ ታምሜ ነው የተመለስኩት፣ እንቅልፍ አጥቼ ድምፅ እየሰማሁ። ባሌ በጣም ይወደኝ ነበር፣ በስልክ ሲያለቅስ ነው የሚያድረው፣ የላኩለትን ድምፅ እያደመጠ ነው የሚተኛው። ቦሌ ኤርፖርት ተቀብሎኝ ፊቴን ሲያይ ግን ያ ሁሉ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ሻንጣዬን አስይዞ እናቴ ቤት መለሰኝ፣ «ስትድኚ ትመጪያለሽ» ብሎ። ያኔ አማካሪም አልጠየቀ፣ ሬዲዮም አልደወለ፣ ጎረቤትም ደግ አደረገ ነው ያለው። ሴት ስትታመም ትመለሳለች፣ ወንድ ሲታመም ትታገሰዋለች። ቦሌ፣ «ነፃ ጉልበት» ያልከው ልክ ነው፣ ግን እኔም ያ ነፃ ጉልበት ያስፈልገኝ ነበር።

ነርስ ቲ፦
እህቴ፣ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው? በውስጥ ጻፊልኝ።

ከሪያድ የተመለስኩ፦
እየወሰድኩ ነው እግዚአብሔር ይመስገን፣ በየወሩ መርፌ ነው፣ አሁን ደህና ነኝ፣ ሥራም ጀምሬያለሁ።

ቦሌ ሚካኤል፦
እህቴ ያንቺ ባል ያደረገው ነውር ነው። እኔ እንደዛ አድርጉ አላልኩም።

የጉለሌዋ፦
ልክ እንደዛ ነው ያልከው! «እህቴ ብትሆን ውጪ ነው የምላት» አላልክም? የሱም እህት እንደዛ ብላው ይሆናል፣ «የወደድካት ሴት ይቺ አይደለችም» ብላው ይሆናል። አባባልህ እዚህ ሲመጣ ብቻ ነው ነውር የሚሆነው?

ቦሌ ሚካኤል፦
እሷ ማንንም አልጎዳችም፣ ሰውዬው ግን ንብረት አጥፍቷል። ነገ እጁን ቢያነሳስ? ይሄን ለምን ትዘልያለሽ?

ነርስ ቲ፦
እጁን ካነሳ ትውጣ፣ ያኔ አልከራከርም፣ ቅድሚያ የሷ ደህንነት ነው። ግን የአእምሮ ሕመምተኛ ሁሉ ይማታል የሚለውን አታስገባብን፣ ሌላውን ከሚጎዳው ራሱ በሌላ ሰው የሚጎዳው ይበዛል። እኔ እንደውም የምፈራለት ያ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚተኛበትን ጊዜ ነው። ልሙት፣ ምን ቀረኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ብቻውን አይተውም፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። እንቅልፉ ሁለት ሦስት ሌሊት እየቀነሰ ሲመጣም እንደዛው፣ መኪና እስኪሸጥ አይጠበቅም። ይሄን ከሷ በፊት የሚያይ ሐኪም የለም።

ሕጉ ይከበር፦
ስለ መኪናው ማንም ያላነሳችሁት ነገር አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/92 ማለቴ ነው፣ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለው የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ ከ500 ብር በላይ ማበደርም እንደዛው። ስለዚህ መኪናው የጋራ ከሆነ ሽያጩንም ብድሩንም ፍርድ ቤት እንዲያፈርስላት መጠየቅ ትችላለች። ጊዜው ግን አጭር ነው፣ ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ባታውቅም ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈው አይቻልም። ያ አማካሪ ቅበሪው ከሚላት ይሄን ቢነግራት ምን ነበረበት?

ፍቺውንም በተመለከተ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከተጋቢዎቹ አንዱ በአእምሮ ሕመም ቢያንስ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ከተኛ ለፍቺ ከባድ ምክንያት ይባል ነበር። አሁን ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፣ መፋታት ትችላለች። ግን ይሄው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 49 ላይ ባልና ሚስት መከባበር፣ መተጋገዝና መደጋገፍ አለባቸው ይላል።

ቦሌ ሚካኤል፦
አመሰግናለሁ፣ ሕጉም መፋታት ትችላለች አለ።

ቡና ቁርስ፦
ከዛ ሁሉ ያነበብከው ይቺን ብቻ ነው? መደጋገፍ የሚለውን ዓይንህ ዘለለው?

የጉለሌዋ፦
ሕጉ፣ ስድስት ወሩ የሚቆጠረው መኪናው ከተሸጠ ነው ወይስ እሷ ካወቀች? ፕሮግራሙ ላይ የደወለችበት ስልክ በስቱዲዮው በኩል ይገኝ ይሆናል፣ ልሞክር ነው።

ሕጉ ይከበር፦
እሷ ካወቀችበት ቀን። ግን የገዛው ሰው ምንም ሳያውቅ በቅን ልቦና ገዝቶ ከሆነ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ጠበቃ ትያዝ፣ ስመ ንብረቱ ዞሮ እንደሆነም ቶሎ ታጣራ።

ዘሚካኤል፦
ስልኳን ካገኘሽ ለኔም ንገሪኝ፣ እንጦጦ የሚያውቁኝ አባት አሉ፣ መድኃኒት ተው የማይሉ።

ነርስ ቲ፦
እሳቸውን አገናኘኝማ፣ ለሌሎቹ ታማሚዎቼም ይጠቅሙኛል።

ቦሌ ሚካኤል፦
ሁላችሁም ወደ ጎን ሄዳችሁ፣ እኔ የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰም። ልጆች ካሏቸውስ? ልጅ ያን ሁሉ እያየ ይደግ?

የጉለሌዋ፦
ልጅ የላቸውም። ብላ ነበር እኮ፣ መጀመሪያውኑ። ፕሮግራሙን ሳትሰማ ነው እንዴ ከጠዋት ጀምረህ የምትከራከረኝ?

ቦሌ ሚካኤል፦
አንቺ ነሽ መጀመሪያ ላይ ያልጻፍሽው። ደግሞ ልጅ ከሌላቸው እንደውም መውጣት ይቀላታል፣ የኔን ነው ያጠናከርሽው።