«66 በመቶ ሄት ፓይድ» በአማርኛ እንዴት ይባላል?

የሚኒሶታው፦
ሰላም ቤቶች። የወንድሜ ልጅ እዚህ አሜሪካ እባብ ያረባል። አዎ፣ እባብ። ቦል ፓይተን ነው፣ ከነጋናና ቶጎ የመጣው፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው፣ መርዝም የሌለው፤ ስድቡን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ቪዲዮ ይሠራል፣ እናቱ እንዲገባት ከሥር አማርኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዷ ሣጥን ላይ የተለጠፈው «ፓስቴል፣ 66 በመቶ ሄት ፓይድ» ይላል። «ቢጫዋ የፈካ፣ 66 በመቶ ቡራቡሬ» ብዬ ጻፍኩ። ችግሩ እባቧ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ እንኳ የለም። ምን ልበል? ያለኝ ቦታ አንድ መስመር ነው።

ሰም ለበስ፦
ቡራቡሬ የበሬ ነው ወንድሜ። ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቦራ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ይሄ ሁሉ የከብትና የፈረስ ነው፤ እባብ ላይ ሲለጠፍ ጆሮ ይቆረቁራል። እኔ እንደውም ቡሬ እና በሬ ከአንድ ሥር ናቸው ባይ ነኝ። በደረቱ ለሚሳብ «ዝንጉርጉር» በል። ኤርምያስ 13፥23 ላይ ነብሩም ዝንጉርጉር ነው።

ዶሮ ማነቂያ፦
እንግዲያው ሁለቱም ቡሬዎች፣ የጎጃሙም የኢሉባቦሩም፣ በሬ ናቸው በለና ገላግለን።

ፊደሏ፦
ለምን «ለምጻም» አይባልም? ፓይድ የሚባሉትን ፎቶ አየሁ፣ ግማሽ አካሏ ነጭ፣ ግማሹ ቡኒ። ሕብረ ቀለሟ በሙሉ ለምጽ ነው የሚመስለው።

የኔታ ሐመር፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ኅብር በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ ኀብረ ካለው ግሥ ነው፣ አንድ ሆነ፣ ተባበረ። ሁለተኛ፣ ለምጽ ደዌ ነው። ዘሌዋውያን 13ን ተመልከቺ። ካህኑ ሰውየውን 7 ቀን ለይቶ ያቆያል፣ ሰፍቶ እንደሆነ ያያል። የእባቧ ነጭ አይሰፋም፣ ከእንቁላሏ ይዛው ነው የወጣችው።

ዶሮ ማነቂያ፦
የኔታ፣ ስምዎን «ሐመር» ብለው ለብዙኃኑ ሲሟገቱ ደስ ይላል።

ሰም ለበስ፦
እዚያው ምዕራፍ ላይ ለምጹ ሰውነቱን ሁሉ ከሸፈነው ንጹሕ ነው ይላል እኮ! እንግዲህ ሙሉ ነጯ እባብ ንጽሕት፣ ቡራቡሬዋ ርኩስት ልትሆን ነው።

የኔታ ሐመር፦
ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለስ። በደረቱ የሚሳብ ሁሉ ርኩስ ነው፣ ነጭም ሆነ ጥቁር።

እንሽላሊቴ፦
ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት አረባለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልናገር። ለምጽን ተዉት፣ ሰው ላይም ስድብ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ላይ ነጭነት ሁሉ አንድ አይደለም። እነዚህ እንስሳት ቆዳ ላይ ጥቁሩን የሚሠራው ሴል ለብቻ ነው፣ ቢጫውን የሚሠራው ለብቻ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቀውም ለብቻ። አልቢኖ ስትባል ጥቁሩ ብቻ ነው የጠፋው። ስለዚህ አልቢኖ ፓይተን ቢጫና ነጭ ናት፣ ዓይኗ ቀይ። ቢጫው ሲጠፋ አክዛንቲክ ይሏታል፣ አመድማ ትሆናለች። ሁሉም ሲጠፋ ሉሲስቲክ ናት፣ እንደ ወተት ነጭ፣ ዓይኗ ግን ሰማያዊ ወይም ጥቁር። ፓይድ ደግሞ ቀለሙ ከፊል ቦታ ላይ ጨርሶ ያልደረሰባት ናት።

ፊደሏ፦
ታዲያ አልቢኖዋን «ነጭ»፣ ሉሲስቲኳን «ጸዐዳ» ብንልስ? ግዕዙ ለምን ተቀመጠ?

የኔታ ሐመር፦
ጸዐዳ ማለት ነጭ ማለት ነው። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጠራሽው።

ሰም ለበስ፦
አይ የኔታ፣ ጸዐዳ ውስጥ የማብራት ነገር አለ። የመላእክት ልብስ ጸዐዳ ነው፣ የጤፍ ዱቄት ነጭ ነው።

የኔታ ሐመር፦
በየትኛው ጉባኤ ቤት ነው ይህን የተማርከው?

ሰም ለበስ፦
ጤፍ ቤት።

እንሽላሊቴ፦
ወደ ሣጥኑ ልመለስ። «ሄት» ማለት ዘሩን አዝላለች፣ መልኳ ላይ ግን አይታይም ማለት ነው። ሁለት ያዘሉ ስታዳቅል በአማካይ ከ4 ጫጩት አንዱ ፓይድ ሆኖ ይወጣል፣ ሁለቱ ያዝላሉ፣ አንዱ ነፃ ነው። ፓይዱ በዓይን ይለያል። የቀሩት ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያዘሉ መሆናቸውን እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ አታውቅም። 66 በመቶው እሱ ነው። እባቧ ሁለት ሦስተኛ ቡራቡሬ አይደለችም። ወይ ሙሉ በሙሉ አዝላለች ወይ ምንም የላትም፤ ቁጥሩ የገዢው ዕድል ነው።

ሰም ለበስ፦
ይሄማ የያዕቆብ በጎች ናቸው! ላባ ዝንጉርጉሮቹን ለይቶ ወሰደ፣ ለያዕቆብ የቀሩት መልካቸው አንድ ወጥ ነበር፣ ሲወልዱ ግን ዝንጉርጉር ወለዱ። ሄት ነበሩ በለኛ።

የኔታ ሐመር፦
ዘፍጥረት 30 ላይ እርጥብ በትር ልጦ ማጠጫው ላይ ማቆሙም ተጽፏል። ነገሩ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ የሄት አይደለም።

ፊደሏ፦
ምዕራፍ 31 ላይ ግን በሕልሙ ያየው በትሩን አይደለም፣ የሚያጠቁትን ዝንጉርጉር አውራዎች ነው። ሕልሙ ራሱ ስለ ዘር ይናገራል።

ዶሮ ማነቂያ፦
በግና መልአኩን ተዉና ዶሮ ተራ እንሂድ። ባለዶሮዎቹ ይህን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል። ገብስማ፣ ቆቅማ፣ ዥግርማ፣ አንበስማ። «ማ» ትቀጥላለህ፣ አለቀ። አሜሪካኖቹ ባናና የሚሉት ፓይተን አላቸው አይደል? ሙዝማ! አክዛንቲኳን አመድማ ብለህ ራስህ ጠራሃት፣ እንሽላሊቴ።

እንሽላሊቴ፦
ሙዝማ ቆንጆ ነው፣ እሰርቅሃለሁ። ግን ገብስማ የሚነግርህ ዓይንህ ያየውን ነው፣ የኛ ስም የሚነግርህ ዘሩን ነው። ሌፐርድ ጌኮ ውስጥ ትሬምፐር፣ ሬይንዋተር፣ ቤል የሚባሉ ሦስት የአልቢኖ መስመሮች አሉ፣ ስሙ የአርቢዎቹ ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ብዙ ሰው አይለያቸውም። ትሬምፐሩን ከቤሉ ብታዳቅል ግን ጫጩቱ መደበኛ መልክ ይዞ ይወጣል፣ አንድም አልቢኖ የለም፣ ዘሩ የተለያየ ነውና። ገበያ ላይ «አልቢኖ» ብቻ ብሎ የሚሸጥልህ ሰው የገዛኸውን ነገር ስም አልነገረህም። ፓይተን ላይም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዋ አልቢኖ ቦል ፓይተን በአርቢ ቤት የተፈለፈለችው በ1992 ነው፣ ፓይዷ በ1997፤ ከዚያ በኋላ ላቬንደር አልቢኖ የሚባል መጣ። በ2022 ምሥራቅ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አርቢዎች ከላኩላቸው፣ እባቦቹ ከጣሉት ቆዳ ዘሩን ሲያነቡ አልቢኖና ላቬንደር አልቢኖ የተለያየ ጂን ላይ ናቸው። «ነጣማ» ብለህ አንድ ላይ ብትጠቀልላቸው አርቢው ገንዘቡን ይከስራል። ለነገሩ የኛም ስም ሁሉን አይናገርም። «ስፓይደር» የምትባለዋ ስሟ ድር የመሰለ ጥለቷን ይነግርሃል፣ ጭንቅላቷ እንደሚንቀጠቀጥ አይነግርህም።

ሰም ለበስ፦
ቆይ ቆይ፣ ይቺ «ማ» ግን ምንድን ናት? ተራራማ፣ ጭቃማ፣ ደናማ ስንል ያለበት ማለት ነው። ገብስማ ዶሮ ላይ ገብስ አለ እንዴ? የለም፣ ገብስ መሰለች ነው። ስለዚህ ሁለት «ማ» አለን። እኔ የዶሮዋ «ማ» ከ«እኔማ» ጋር ናት እላለሁ። ባለቤቱ «ይቺማ ገብስ ናት!» ብሎ ነው የጀመረው።

የኔታ ሐመር፦
እንዲህ ያለ ሥር ፍለጋ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት «ማ» ብቻ ናት። ዶሮዋ የገብስ መልክ አለባት፣ መሬቱም ጭቃ አለበት። ያው ነው።

ሰም ለበስ፦
መልክ ማለትን እርስዎ ጨመሩበት። ድመት አመድማ ስትባል አመድ አለባት?

ፊደሏ፦
የኛ ድመት የምትተኛው ምድጃ ውስጥ ስለሆነ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።