የቦርከና ፎልቶች ግራ አጋቡኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የመመረቂያ ሥራዬ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ነው። የደሴው ጦሳ ተራራ እንደ ሂማሊያ በአህጉራት ግጭት ታጥፎ የወጣ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተቆልሎ፣ በኋላ አፋር ሲሰምጥ ጠርዝ ላይ የቀረ ነው።

የተቸገርኩት ፎልቶቹ ላይ ነው፤ ማለትም ድንጋዩ ተሰብሮ የተንሸራተተባቸው ስንጥቆች ላይ። መሬቱ ወደ አፋር ስለሚወርድ እነሱም ወደ ምሥራቅ ያዘነብላሉ ብዬ ነበር የወጣሁት። ከቦርከና ሸለቆ በስተምሥራቅ የለካኋቸው ግን አብዛኞቹ ወደ ምዕራብ ናቸው፣ የባዛልቱ ንጣፎች ደግሞ ወደ ምሥራቅ! አንድ የመንገድ ቁርጥ ላይ በሁለት ባዛልት መካከል ቀይ የአፈር ንጣፍ አለ፤ ፎልቱ ጋ ሲደርስ ይቆረጥና ከቁመቴ በላይ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ፎልቱ ሲንሸራተት ፊቱ ላይ የተዋቸውን ጭረቶች በጣቴ ዳስሻቸዋለሁ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች ናቸው።

ንጣፎቹ ያዘነበሉት ፎልቶቹ ሲንሸራተቱ በመካከላቸው ያሉት የድንጋይ ብሎኮች አብረው ስለዞሩ ነው ወይስ ጠርዙ በሙሉ ወደ አፋር ስለጎበጠ? መስክ ላይ ምን ለክቼ ልለያቸው? ክሮስ ሴክሽኑን (መሬቱ ወደ ታች ቢቆረጥ የሚታየውን ሥዕል) ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስቴም ቀደድኩት። በዚህ አካባቢ የሠራችሁ ካላችሁ፣ በናታችሁ፣ ቅዳሜ ተመልሼ ስለምወጣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር በሉኝ።