በደቻቱ ዳር ለሚተከሉት መሣሪያዎች የሼል ቅነሳ፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ረቂቅ አቅራቢ፣ ከከዚራ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የድሬዳዋውን የደቻቱ ወንዝ የውኃ ከፍታ እንዲመዘግቡ ልንተክላቸው ያሰብናቸው አሮጌ ራውተሮች 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላላቸው፣ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው የራውተር ሥርዓተ ክወና ከተጫነባቸው በኋላ ለስክሪፕቶቻችን (በፋይል ለተጻፉት የትእዛዝ ዝርዝሮቻችን) የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። በመሆኑም ባሽ የተባለውን ሼል (የጽሑፍ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ትተን፣ ቢዚቦክስ ከተባለው የትናንሽ ትእዛዞች ጥቅል ጋር በሚመጣው አነስተኛ ሼል፣ በአሽ ብቻ እንድንሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባሽ በተለመደው ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ብቻውን ከ1 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ቢዚቦክስ ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የታሰበው አንድ ሙሉ የመጫኛ ሥርዓት በአንድ ፍሎፒ ላይ እንዲያድር ነበርና ለእንዲህ ያለው ጥበት የተሠራ ነው።

ከሳቢያን፦
ዓላማውን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ባለፈው ሳምንት ባሽ አብሮ ከተገነባበት ኢሜጅ (ራውተሩ ላይ ከሚጫነው የተዘጋጀ የሶፍትዌር ጥቅል) ላይ ባሽን ባስወግድም ነፃው ቦታ በአንድ ኪሎባይት እንኳ አልጨመረም። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ረቂቅ አቅራቢ፦
እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም፣ ወንድሜ። በኢሜጁ ውስጥ የገባው ሁሉ የሚቀመጠው ስኩዋሽ ኤፍ ኤስ በተባለው፣ በሚነበብ እንጂ በማይጻፍበት የፍላሹ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ፋይል ሲሰርዙ በላዩ ባለው የሚጻፍበት ክፍል ላይ «ይህ አይታይ» የሚል ምልክት ይቀመጣል እንጂ ፋይሉ ከቦታው አይነሣም፤ እንዲያውም ምልክቱ ራሱ ጥቂት ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ቅነሳው መሣሪያው ላይ ሳይሆን ኢሜጁ ሲገነባ፣ ከፓኬጅ ዝርዝሩ (አብረው ከሚገቡት ፕሮግራሞች ዝርዝር) ላይ መከናወን አለበት።

ከመጋላ፦
እንግዲያው ይህ በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ። ከዚህ አልፎ ቢዚቦክስን ራሱን እናሳንሰው የሚል ሐሳብ ቢነሣ ግን አልቀበለውም። የትእዛዝ ማስተካከያውና የቀደሙ ትእዛዞች ትውስታ ከወጡ፣ በቀትር ፀሐይ ወንዙ ዳር ቆሞ በስልክ የሚጽፍ ሰው በአንድ ፊደል ስሕተት ሙሉውን መስመር ዳግም ሊጽፍ ነው። ደግሞም ኢሜጁን የምንገጣጥምበት ኢሜጅ ቢልደር የተባለው ፕሮግራም የሚጠቀመው አስቀድሞ የተገነባ ቢዚቦክስ ስለሆነ፣ እነዚህን ለመንካት ሁሉንም ከምንጭ ኮዱ መገንባት ይኖርብናል፤ ለምናተርፈው ቦታ ድካሙ ይበዛል።

ከሳቢያን፦
ተስማምቻለሁ። የሚቀረው የእኔ ስክሪፕቶች ጉዳይ ነው። የዳሳሾቹን ስም በአሬይ (ብዙ እሴቶችን በአንድ ስም በሚይዝ ዝርዝር) ይዤ ነበር፣ አሽ ግን አሬይ የለውም፤ ስለዚህ ስሞቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጬ መስመር በመስመር አነባቸዋለሁ። በባሽ ሁኔታን ለመፈተን የሚጻፈውን ድርብ ካሬ ቅንፍ ([[ ]]) አሽ እንደ አገነባቡ ሊቀበል ቢችልም፣ በዚያ ላይ ከመተማመን በነጠላው መተካት ይሻላል።

ረቂቅ አቅራቢ፦
የስክሪፕቶቹን የመጀመሪያ መስመርም አይርሱ። እዚያ የተጻፈው የባሽ አድራሻ ካልተቀየረ፣ ስክሪፕቱ ዓይናችን እያየው ተቀምጦ ሼሉ «አልተገኘም» ይለናል፤ እኔ በዚህ ግማሽ ቀን ፋይል ስፈልግ ውያለሁ። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ጎርፉ ከተማችን በሌሊት ሊደርስ እንደሚችል በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያየን ነንና፣ መሣሪያው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ሥራውን መጀመር አለበት።

የተሻሻለው ሐሳብ እንዲህ ይነበብ፦ ባሽ በፓኬጅ ዝርዝሩ አይካተት፤ ቢዚቦክስ እንዳለ ይቆይ፤ ስክሪፕቶቹ ስሕተት በሚጠቁመው የሼልቼክ ፕሮግራም ተመርምረው በአሽ ይሞከሩ፤ የመጀመሪያው ኢሜጅ በአንድ ራውተር ላይ ብቻ ይጫን።

ከመጋላ፦
ለሙከራው የእኔን ራውተር ውሰዱ፤ ኃይል መስጫው ግን ስለሚግል ሌላ ይዛችሁ ኑ።