የቤሪሊየም ኒውትሮን ማባዛት፦ ልኬቱ ከሞዴሉ በ30 በመቶ ይበልጣል፣ እርዱኝ

ሄለን (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ የቤሪሊየም ሉል ኒውትሮን ምን ያህል እንደሚያባዛ በኦፕንኤምሲ (የኒውትሮን ጉዞን የሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም) እያሰላሁ ነው። ሉሉ ውስጡ ክፍት ነው፤ የውስጥ ራዲየሱ 3፣ የውጩ 13 ሴ.ሜ፣ ክብደቱ 16.8 ኪሎ። መሃሉ ላይ ኒውትሮን የሚያመነጭ የአሜሪሲየም-ቤሪሊየም ምንጭ አለ። ልኬቱን ውጭ አገር ያሉ ተባባሪዎቻችን 5 ሴ.ሜ ፖሊኢትሊን በለበሰ የሂሊየም-3 ቱቦ (የኒውትሮን መቁጠሪያ) ነው የሰሩት፤ ከሉሉ ጋርና ያለ ሉሉ ቆጥረው ሬሾውን ላኩልን። እኔ ካሰላሁት ማባዛት በ30 በመቶ ይበልጣል። ችግሩ የዳታ ላይብረሪው (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የኒውትሮን ሪአክሽን ዳታ) ይሆን?

ኪሩቤል፦ ላይብረሪውን ከመንካትሽ በፊት ቱቦውን ጠርጥሪ። ከምንጩ የሚወጣው ኒውትሮን በአማካይ 4 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ቤሪሊየም ውስጥ ሲጋጭ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አንዱ ሁለት ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ያለውን ጉልበት ይካፈላሉ። 5 ሴ.ሜ ፖሊኢትሊን ብቻ የለበሰ ቱቦ ዝግ ያለውን (ቀርፋፋውን) ከፈጣኑ አብልጦ ይቆጥራል። ስለዚህ ቁጥሩ ያደገው ኒውትሮን ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ቱቦው በተሻለ ስለያዘውም ነው። የቆጠራ ሬሾና ማባዛት አንድ አይደሉም። ቱቦውን፣ ፖሊኢትሊኑን፣ ርቀቱን፣ የክፍሉን ወለልና ግድግዳ ሳይቀር ሞዴሉ ውስጥ አስገቢ፤ ከዚያ በሂሊየም-3 የሚያዘውን ብዛት በሁለቱም ሁኔታ አስልተሽ ሬሾን ከሬሾ ጋር አወዳድሪ።

ቶሎሳ፦ ምንጩን በአንድ ጉልበት ወክለሽው ከሆነም ተይው። የ(ኤን፣2ኤን)፣ ማለትም አንድ ኒውትሮን ገብቶ ሁለት የሚወጡበት ሪአክሽን፣ ደፍ (መነሻ ጉልበት) 1.75 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ሜጋ) ቢሆንም ሪአክሽኑ በደንብ የሚነሳው ከ2.7 በኋላ ነው፤ የምንጩ ስፔክትረም (የጉልበት ስርጭት) ደግሞ እስከ 11 ሜጋ ይደርሳል። የኢሶ 8529ን (የኒውትሮን ምንጮች ዓለም አቀፍ ደረጃ) ስፔክትረም አስገቢ። ከዚያ በአንድ የምንጭ ኒውትሮን ሂሳቡን አመዛዝኚ፦ ከሉሉ የወጣው = 1 + (ኤን፣2ኤን) − የተዋጠው። ይህ ካልገጠመ ስህተቱ ታሊው (የፕሮግራሙ ቆጠራ) ላይ ነው።

ሄለን፦ ስፔክትረሙ የኢሶ ነው፣ ሂሳቡም ይገጥማል። ቱቦውን አስገባለሁ። ግን ምንጩ 4.44 ሜጋ ጋማ አለው፤ ቤሪሊየም ከ1.67 በላይ በጋማም ኒውትሮን ይለቃል፣ ኦፕንኤምሲ ደግሞ ይህን አይሰራም።

ቶሎሳ፦ በእጅ አስይው። ለአንድ ኒውትሮን 0.6 ጋማ፣ 0.124 አቶም በባርን-ሴ.ሜ (የቤሪሊየሙ የአቶም እፍጋት)፣ 10 ሴ.ሜ ውፍረት፣ መስቀለኛ ስፋቱን (የሪአክሽኑን ዕድል፣ በባርን የሚለካ) ከፍ አድርገሽ 1 ሚሊባርን ብትወስጂ እንኳ 0.0007 ነው። 30 በመቶን አያብራራም።

መቅደስ (ሐዋሳ)፦ ተባባሪዎቹ ልኬቱን መድገም ከቻሉ የማንጋኒዝ ሰልፌት ገንዳ ይጠቀሙ፤ ምንጩ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ማንጋኒዙ ኒውትሮን ውጦ የሚሆነው ራዲዮአክቲቭ ማንጋኒዝ-56 ይለካል። የወጣው ኒውትሮን ፈጣንም ይሁን ዝግ፣ በውሃው ቀዝቅዞ ስለሚያዝ የቱቦው ችግር በአብዛኛው ይወገዳል። የማንጋኒዝ-56 ግማሽ ዕድሜ 2.58 ሰዓት ነው፤ መጠኑ ማደጉን እስኪያቆም 26 ሰዓት ያህል ይተዉት። አንድ ወጥመድ አለ፦ ፈጣን ኒውትሮን በኦክስጅንና በሰልፈር ስለሚባክን እርማቱ ባዶው ምንጭ ላይ ከፍ ይላል፣ ከሉሉ ጋር ዝቅ ይላል። ሬሾ ሲወሰድ አይጣፋም፤ ለየብቻ መሰላት አለበት። ከገንዳው የሚመለሰው ዝግ ኒውትሮንም ሉሉ ውስጥ ስለሚገባ የቤሪሊየሙን የንጽህና ሰርተፊኬት ጠይቂ። ቤሪሊየም ራሱ ዝግ ኒውትሮን የሚውጠው 8 ሚሊባርን ገደማ ነው፤ በክብደት ከሚሊዮን 10 እጅ ቦሮን ብቻውን 6 ሚሊባርን ይጨምርበታል።