ፕሬድኒሶሎን ካቆሙ በኋላ የሚመጣ ማዞር፣ ድካምና ቁርጥማት፦ ታግሶ ይታለፋል?

ማለዳ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ እናቴ ነው፤ ዕድሜዋ 61። ለመጋጠሚያ ብግነት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን ለ8 ወር ወስዳለች። በቀን 30 ሚሊግራም ተጀምሮ እየተቀነሰ 10 ላይ ቆየች፣ ከዚያ አንድ ሳምንት 5 ወስዳ አቆመች። አሁን 3 ሳምንት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ ከአልጋ ስትነሳ ያዞራታል፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ መላ አካሏን ይቆረጥማታል። ትኩሳት የላትም፣ መጋጠሚያዋም አላበጠም። ለስኳር ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። ይሄ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ነው ወይስ በሽታው አገርሽቶባት?

እርካብ፦
እህቴ፣ ይሄ ታግሰው የሚያሳልፉት አይደለም፤ ዛሬውኑ ለሚከታተላት ሐኪም ይነገረው። "መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያዘናጋል። ፕሬድኒሶሎኑ ካቆመች በሁለት ቀን ውስጥ ወጥቶ አልቋል። የሚያማት እሱ ሲሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካ ስለጠፋ ነው።

ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ፤ በፕሬድኒሶሎን ቢሰላ ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም ያህል ነው። ከዚህ የበለጠ መጠን ከ3 ወይም 4 ሳምንት በላይ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዕጢዎቹ ትእዛዝ መላኩን ይተዋል፣ እነሱም ሥራ ፈትተው ይኮማተራሉ። እስኪነቁ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመትም ያልፋል። ለዚህ ነው ከ30 ወደ 10 መውረድ ቀላል ሆኖ ከ10 በታች የሚከብደው። የአውሮፓው የኢንዶክራይኖሎጂ ማኅበርና የአሜሪካው ኢንዶክራይን ሶሳይቲ በ2024 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት መመሪያ ከ10 እስከ 5 ባለው ርቀት ከ1 እስከ 4 ሳምንት እየተቆየ 1 ሚሊግራም ብቻ እንዲቀነስ ይመክራል። እናትሽ ያን መንገድ በአንድ ሳምንት ነው የጨረሱት።

የግፊት መለኪያ ቤት ካለ ይህን አድርጊ። 5 ደቂቃ በጀርባቸው ይተኙና ለኪ። ከዚያ ይቁሙ፤ በ1ኛው ደቂቃ አንዴ፣ በ3ኛው ደቂቃ አንዴ ለኪ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ተደግፎ ይሁን። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳይው። ካዞራቸው ቁጥሩን አትጠብቂ፣ ወዲያው ይቀመጡ።

ደጋግመው ካስመለሱ፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ከእንቅልፍ መንቃት ካቃታቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። በር ላይ የምትናገሪው የመጀመሪያ ቃል "ለ8 ወር ስቴሮይድ ወስዳ ካቆመች 3 ሳምንቷ ነው" ይሁን። ሕክምናው በደም ሥር ወይም በጡንቻ የሚሰጥ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን (የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካ መድኃኒት) እና የጨው ፈሳሽ ነው፣ የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣም አይቆይም።

ሚዛን፦
እርካብ ያለው ትክክል ነው፤ ግሊቤንክላሚዱ ግን ታልፏል፣ እኔን በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። ስቴሮይድ ስኳር ያወጣል፣ ስለዚህ በነዚያ 8 ወራት የስኳር ኪኒኑ መጠን ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። አሁን ስቴሮይዱ ሄዷል፣ ኮርቲሶሏም ያነሰ ይመስላል፣ ምግብም አትበላም፤ ኪኒኑ ግን እንዳለ ነው። የጠዋቱ ማዞር ስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት፣ ባዞራት ቁጥርም ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ለኩ። የግፊት መድኃኒትም ካላት በዚሁ ምክንያት መጠኑ ይታይ።

ሌላው፣ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። በሽታው ሲያገረሽ መጋጠሚያው ያብጣል፣ ጠዋት ይደርቃል፣ የደም ምርመራው የብግነት ምልክት ያሳያል። የዕጢዎቹ አለመንቃት ማቅለሽለሽ፣ የግፊትና የስኳር መውረድ፣ ክብደት መቀነስ ያመጣል። ሦስተኛው ሰውነት የለመደውን መጠን ሲያጣ የሚሰማው ነው፦ ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሆድ መባባት፣ ኮርቲሶሉ ግን ደህና ነው። ሦስቱም ላይ ድካም ስላለ በስሜት መለየት አይቻልም።

የሚለየው ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት የሚቀዳ የኮርቲሶል ምርመራ ነው። ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ዕጢዎቹ ነቅተዋል። ከ5 በታች ከሆነ አልነቁም። በመሀል ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ መጠኑ ሳይቀነስ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ፕሬድኒሶሎን እየወሰደች ከሆነ ያለፈው ፍሬ ከተዋጠ 24 ሰዓት ይሙላ፣ የዚያን ቀኑን ፍሬ ከተቀዳች በኋላ ትዋጥ። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ስለሚያደርገው ካለ ይነገር።

ማለዳ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ስኳሯ 64 ነበር፣ የሰጣችሁኝን አድርገን ተመለሰላት። ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን አቁሞ፣ ኮርቲሶል አስቀድቶ፣ ፕሬድኒሶሎኑን በቀን 5 ሚሊግራም አስጀምሯታል። የኮርቲሶሉ ውጤት 3 ማይክሮግራም ነው። ወደፊት በ1 ሚሊግራም ቀንሺ ስትባል እንዴት እናድርግ? ያገኘነው ባለ 5ቱን ብቻ ነው።

እርካብ፦
በ3 ማይክሮግራም ገና አትቸኩሉ። 5ቱ ላይ ይቆዩና ቅነሳው ምርመራው ሲደገም ይወሰን። ያን ጊዜ መጀመሪያ ባለ 1 ሚሊግራም ፍሬ አፈላልጉ። ካልተገኘ ባለ 5ቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ 2.5 ነው። አንድ ቀን 5፣ በማግስቱ 2.5 ሲሆን አማካዩ 3.75 ይመጣል፣ ሐኪሙ ከተስማማ ይሄ ያሻግራል። ለአራት መክፈል አልመክርም፤ ፍሬው ስለሚፈረፈር ዛሬ 1 ነገ 1.5 ይሆናል። በቢላ ሳይሆን በኪኒን መቁረጫ ይከፈል፣ ቀሪው ግማሽ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ይቀመጥ። አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተብሎ የተሸፈነው ዓይነት ግን ፈጽሞ አይሰበርም። ጠዋት ከቁርስ ጋር ይውሰዱ፤ ከሰዓት ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል።

ሚዛን፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳት ያለው ሕመም ሲያገኛት ጤነኛ ዕጢ ኮርቲሶሉን ያበዛል፣ የእሷ ግን አይችልም። የተለመደው መመሪያ በእነዚያ ቀኖች 5 ሚሊግራም ጠዋት፣ 5 ማታ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በጽሑፍ ያዙት። ካስመለሰችውና ደግማ ስትውጥም ካልቆየ መርፌ ያስፈልጋታል። ጥርስ ማስነቀልም ሆነ ቀዶ ሕክምና ካለ ይነገር፤ ካቆመች በኋላም እስከ 12 ወር። ቦርሳዋ ውስጥ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የቆየችበት ጊዜ የተጻፈበት ካርድ አይጥፋ።

ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር መነሳት ካቃታት የጭን ጡንቻዋ ሳስቷል ማለት ነው፤ በየቀኑ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 5 ጊዜ ጀምራ ቀስ በቀስ ትጨምር። ብሽሽቷን ስትራመድ የሚያማት ከሆነ ግን እንቅስቃሴው ይቅርና ዳሌዋ በኤምአርአይ ይታይ፤ ስቴሮይድ የጭን አጥንቱን ራስ ደም ሊያሳጣው ይችላል፣ ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ስለሚችል "ራጁ ደህና ነው" ቢሏችሁም ሕመሙ ካልቆመ ተመለሱ።